አሮጌውን ክዳን ያራገፍኩበት ግንቦት

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። እኔ ዘመነ ማርቆስ ነበር እላለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ዘመነ ሉቃስ ነው ትለኝ ነበር። ከእሷ ጋር ተከራክሬ የረታሁበት ቀን ስለማላስታውስ የእሷን ልያዝ። ጃንሆይ በዙፋናቸው እንደነበሩና ወሩም ግንቦት እንደነበር ግን አልስተውም።

ቤቱ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ላይ ጋይንት ውስጥ፣ ወደ ስማዳ በሚያወርደው አፋፍ ላይ፣ ንፋስ የማይለየው ቦታ ላይ ነበር። ክዳኑን ያስከደነው አባቴ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። በጀርባው በኩል አረንጓዴ ሽበት አውጥቶ፣ ሣሩ ላይ ሌላ ሣር በቅሎበት፣ ፍየል ብናወጣበት ሳምንት ትግጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ሁለት ቦታ አፍስሷል። አንዱ ከምድጃው አጠገብ ነበርና ባለቤቴ ወጥ ስትሠራ ክዳኑ የራሱን ጠብታ ይጨምርላት ነበር። «ጨው አልጨመርኩም፣ ጣራህ ጨምሮበታል» ትለኝ ነበር።

የቤት ክዳን ጊዜ አለው። ሣሩ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ዘሩን አራግፎ አገዳው ሲጠና። ክዳኑ የሚታደሰው ደግሞ አውድማ ከተነሣ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ ነው። ያኔ ሰውም ፋታ አለው፣ ክዳን ሠሪውም ዋጋው ለዘብ ይላል። ግንቦት ከገባ ሁሉም ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ይሯሯጣል፤ ክዳን ሠሪውም የፈለገውን ይጠራል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሣሩን በጊዜው አጭጄ፣ ከግቢው ጥግ ከምሬዋለሁ። ያጣሁት ቀን ነው።

ቀኔን የበላው ክስ ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከአያታችን በወረደች ቁራሽ ርስት ከሶኝ ነበር። አጥር ለአጥር የምንኖር ሰዎች ሆነን፣ በጋውን ሙሉ ንፋስ መውጫ ከተማ ፍርድ ቤት እየተመላለስን ቀጠሮ ስንቆጥር ከረምን። በእግር ሄደህ፣ ደጅ ጠንተህ፣ «ለሚቀጥለው ወር» ተብለህ ትመለሳለህ። ስትመለስ እግርህ እንጂ ነገሩ አልተራመደም። ከአጎቴ ጋር ሰላምታ ካቆምን ዓመት አልፎን ነበር። በአንድ መንገድ ሄደን በአንድ መንገድ ስንመለስ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ወይም እኔ ከፊት እሱ ከኋላ። ዛሬ ሳስበው የሚደክመኝ ይሄ ነው፤ መንገዱ ሳይሆን ዝምታው።

ባለቤቴ የወለደችው በዚሁ መሀል፣ ግንቦት እንደገባ ነው። የበኩር ልጃችን ነበር፣ ወንድ። አራሷን አፍሳሽ ጣራ ሥር ይዤ ክረምት እንደማልሻገር ሳውቅ ነው ወደ ክዳን ሠሪው የሄድኩት።

ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ከወገዳ በኩል መጥተው በእኛ አገር ያገቡ፣ ዘጠኝ ቤት ሲከድኑ አንድም ቤት ሲያፈስ አልታየም የሚባልላቸው። መጡና ቤቱን ዞሩት። በበትራቸው ክዳኑን ወጋ ወጋ አደረጉና ጆሯቸውን እንደ ማስጠጋት አሉ።

«ስድስት ቁና ገብስ ለክዳኑ» አሉኝ። «ምግብና ጠላ ያንተ። አሮጌውን አራግፎ ማጽዳቱ ደግሞ ሁለት ቁና ለብቻው።»

«አያ፣ ማራገፍም ዋጋ አለው እንዴ? ነቅሎ መጣል አይደለም?»

«ነቅሎ መጣል ነው ብለህ ነው?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን ለእኔ ተወው። ሐሙስ ላራግፍልህ፣ አርብ ልክደን። እኔ ሳልመጣ ግን እጅህን እንዳታነሣ።»

«አንድ ቁና ያድርጉልኝ።»

«ሁለት አልኩ። አቧራውን የምውጠው እኔ ነኝ፤ አንተ ጉሮሮ ታበድረኛለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። ቀስ ብዬ «እሺ፣ ለክዳኑ አርብ ይምጡ፣ ማራገፉን እኔ እችላለሁ» አልኩ። እሳቸው ትከሻቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ሁለት ቁና ገብስ ለእኔ በዚያን ሰሞን ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የክሱ መንገድ ጎታዬን ወገቡ ድረስ አጉድሎት ነበር። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር ንፍገትም ነበረበት።

ረቡዕ ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ አረፍን። ሐሙስ ማለዳ ቀበቶዬን አጥብቄ ወጣሁ። ባለቤቴን ከነልጇ ጓዳ አስገብቼ፣ ከበላዩ ጋቢ ወጠርኩላት። ከዚያ ከጉልላቱ ጀምሬ ቁልቁል መንቀል ነው። የላይኛው ሽፋን የበሰበሰ ስለነበር እንደ ፋንድያ እየተቆረሰ ወረደ። ከሥሩ ያለው ግን ጠንካራ ነበር፤ ጥቁር፣ ጥላሸት የጠጣ፣ በማሰሪያው ልጥ ከማገሩ ጋር የተጣበቀ። መጎተት ነበረብኝ። አቧራው አፌንም ዓይኔንም ሞላው፤ ስተፋ ቀለም ነው የምተፋው። «አሁን ገባኝ ሽማግሌው ለምን ሁለት ቁና እንዳሉ» እያልኩ፣ አንዴ ከጀመርኩት አይቀር ብዬ፣ የመጨረሻዋን እፍኝ እስክነቅል አላቆምኩም።

ከጓዳ ባለቤቴ ትጣራለች፦ «ኧረ አንተ ሰው! ልጁን ወልጄ ሳልጨርስ ከሰል አደረግኸው እኮ!»

«ነገ ይከደናል፤ ነገ ታጥቢዋለሽ» አልኳት።

ማታ ከቤቴ ውስጥ ሆኜ ቀና ስል ማገርና ወጋግራ ብቻ፣ በመሀሉ ሰማይ ይታያል። አሳ ከበሉት በኋላ የሚቀረውን አጥንት ይመስል ነበር።

አርብ ጠዋት ክዳን ሠሪው መልእክት ላኩ። በደብራቸው ሰው ሞቷል፤ ቀብር ሳይቀብሩ ሥራ አይወጡም። «ነገ ይምጡ» ልል አፌን ስከፍት ነው የገባኝ። ቅዳሜ ገብርኤል ነው። እሑድ እሑድ ነው። ሰኞ ማርያም ናት። ያን ያህል ወር ቀጠሮ ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ቤት ቀን ስቆጥር በዓል አልቆጠርኩም። ከልጅነቱ ጀምሮ የወሩን በዓላት በጣቱ እየቆጠረ የሚያድግ የእኛ አገር ሰው እንዲህ ሲስት አላየሁም። ክዳን ሠሪው ማክሰኞ እንጂ ከዚያ በፊት አይመጡም ማለት ነው።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰማዩ በጉና በኩል ጠቆረ። አላስቻለኝም። ከተጣለው አሮጌ ሣር ታቅፌ፣ ቢያንስ ከጓዳው በላይ ያለውን ልሸፍን ብዬ ግድግዳው ላይ ወጣሁ።

በእኛ አገር አንድ ሰው በዓል ሽሮ ከሠራ በረዶው የሚወርደው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በደብሩ ሁሉ ላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ዝም አይልም። ገና አንድ እቅፍ ሳላስቀምጥ ከታች ጩኸት ተነሣ። «ውረድ አንተ! ልታስፈጀን ነው?» «ገብርኤልን አትፈራም?» አጎቴም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነበር። ከእኔ ጋር ስለማይነጋገር በሬውን ነው የሚያናግረው።

«አንተ በሬ» ይለዋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በበዓል ቀን ጣራ ላይ የወጣ ሰው ታያለህ? አንተ እንኳ ዛሬ ቀንበር እንደሌለ ታውቃለህ። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ሕግ ያውቃል ብዬ ነበር።»

በሬው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ወረድኩ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ እንዴት ልቀጥል?

በረዶው የመጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። መጀመሪያ ንፋስ፣ ከዚያ እንደ ሽምብራ፣ ከዚያ እንደ ባቄላ። የወጠርኩት ጋቢ አንድ አፍታ ቆይቶ ሆዱ ሞላና ተቀደደ። ከመደቡ ላይ ጀንዲውን አንሥቼ፣ የበሬ ቆዳው ከብዶ ክንዴን እየሰበረው፣ ከባለቤቴና ከልጁ በላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ውሃው በክርኔ እየገባ በወገቤ ይወርዳል። ከላይ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው፤ የማገሩን ጥላሸት እያጠበ ይመጣል። ልጁ አለቀሰ፣ ከዚያ ማልቀሱን ተወ። ዝምታው ይበልጥ አስፈራኝ። ቀኝ እጄን ላውርድ ብል ጀንዲው ይወድቃል፤ እንዲሁ ቆምኩ። ያን ቀን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህ ልጅ ክርስትና ሳይነሣ በእኔ ሁለት ቁና ምክንያት ይሞታል።

በሩ ተገፋ። የአጎቴ ሚስት ናት። ቁርበት በራሷ ላይ ደፍታ፣ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ በባዶ እግሯ በረዶ ረግጣ መጣች። ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም ነበር። አየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች።

«አንተ ልጅ፣ ምሰሶ ሆነህ ልትቀር ነው?» አለች። ወደ ባለቤቴ ሄደች። «ተነሽ፣ ልጄ። ወደ እኔ ቤት እንሂድ።»

ባለቤቴ እየተንቀጠቀጠች ወደ እኔ አየችና «እትዬ፣ እኛ እኮ ተካሰናል» አለች።

«የተካሰሱት ወንዶቹ ናቸው። እኔና አንቺ ምን መሬት አለን?»

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነውን ካልጻፍኩ ምን ይረባል። እኔ ያን ጊዜ አመነታሁ። አራሷ ከከሳሼ ቤት ገባች ቢባል፣ ነገ በዳኛ ፊት «ታርቋል፣ ለቋል» ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። በረዶ በራሴ ላይ እየወረደ ዳኛ አሰብኩ። የአጎቴ ሚስት ፊቴን አይታ የገባት ይመስለኛል።

«አንተን አልጠራሁህም» አለችኝ። «አንተ እዚሁ ቆመህ ርስትህን ጠብቅ።»

ልጁን ከእናቱ ተቀብላ ከደረቷ ጋር በጋቢዋ አሰረችው። አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣምና ከግድግዳው ቢላዋውን አውርዳ ለባለቤቴ አስያዘቻት። ሁለቱም በአንድ ቁርበት ሥር ተጠግተው ወጡ። እኔ ጀንዲውን እንደያዝኩ ጥቂት ቆየሁ፤ ከሥሩ ማንም እንደሌለ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ጎታው ላይ ጣልኩትና ተከተልኳቸው።

የአጎቴ ቤት ደፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አጎቴ ከእሳቱ አጠገብ ካለው መደብ ተነሥቶ፣ ቦታውን ለአራሷ ለቆ፣ ከጥጆቹ በኩል ሄዶ ተቀምጧል። ወደ እኔ ዞር አላለም። ለሚስቱ ነው የተናገረው።

«ለዚህ ለአራሷ ባል ንገሪው፤ ወይ ይግባ ወይ ይውጣ፤ ብርድ አስገባብን።»

ገባሁ።

ማግስቱን ሰው ሁሉ በረዶው የወረደው በእኔ ነው አለ። የወጣሁት ለአንድ እቅፍ ሣር ነው ብል ማን ይሰማኛል። የአንዳንዱ ሰው ባቄላ ተመትቶ ነበር። የነፍስ አባቴ ብቻ «ስለ ሕፃን ብሎ ነው፣ ተዉት» ብለው አበረዱልኝ፤ ቢሆንም ንስሐ ሰጡኝ፤ ሰገድኩ።

ልጁ ያስለው ጀመር። ሳሉ ትንሽ ነው፣ እንደ ድመት ልጅ ነው፤ ግን አያቋርጥም። የአጎቴ ሚስት ከደረቷ አላወረደችውም ማለት እችላለሁ። እናቱም ብርድ ገብቷት ትኩሳት ይዟት ነበርና፣ ሲጠባ ብቻ ትሰጣታለች፤ ከዚያ መልሳ ትወስደዋለች። ሌላ ጋቢ እሳት ዳር ታሞቃለች፣ የቀዘቀዘውን ታወልቃለች፣ የሞቀውን ትለብሳለች። እንዲህ እያደረገች ሳምንት ሙሉ ጎኗ መደብ ሲነካ አላየሁም። እኔ ጎታዬን ለመጠበቅ በፈረሰው ቤቴ እያደርኩ ጠዋት ጠዋት ስመጣ፣ በሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የማዳምጠው ሳሉን ነው። አጎቴም ያዳምጣል። አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንም ዝም ብለን ስናዳምጥ ቆይተን፣ ሳል ሳንሰማ ቀረን። ከዚያ ልጁ ሲያስነጥስ ተሰማ። አጎቴ በሬውን አየና «ተመስገን፣ አለ» አለው።

ክዳን ሠሪው እንዳሰብኩት ማክሰኞ መጥተው ነበር። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ከተጣለው ክምር ያንን ጥቁሩን ሣር ዘግነው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ይሄን ማን ንቀል አለህ?»

«አሮጌ ነው ብዬ ነው፣ አያ።»

«አሮጌ! ይሄ እኮ አባትህ ዕድሜውን ሙሉ በጭስ ያበሰለው ነው። ምስጥ አይበላው፣ ውሃ አያልፈው። የሚራገፈው የላዩ ብስባሽ ነው፤ ይሄ ይበጠራል፣ ይጸዳል፣ አዲሱ በላዩ ይነጠፋል። ይሄ ቢኖርልህ ያ በረዶ ቤትህ ባልገባ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ አንተ ልታደርገው ነው? እጅህን አታንሣ አልኩህ።» ከዚያ ትንሽ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጁ እንዴት ነው?»

«ያስለዋል።»

«እግዚአብሔር ይማረው። ስማ፣ አሁን አልከድንልህም። ማገሩ ርሷል፤ በርጥብ ማገር ላይ ሣር ብጭን ከመስከረም በፊት ይሻግታል፣ ያኔ ልትረግመኝ ነው። ፀሐይ ያግኘው። የከመርከው ሣርም አይበቃም፤ ያን ታች የነበረውን የሚተካ ሌላ ያን ያህል ያስፈልግሃል።»

ስድስት ቁና የነበረው አሥር ሆነ። ሣሩን ከጉና በኩል ጓሳ ከሚያወርዱ ሰዎች በገብስ ለወጥኩ። ጀርባዬ ላይ እያመላለስኩ አወረድኩት፤ የዚያ ሰሞን ትከሻዬ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይሰማኛል። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ማገሩ ይደርቃል፣ ሊደርቅ ሲል ይዘንባል። ቤቱ የተከደነው ሰኔ ጋመስ ካለ በኋላ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ስናገኝ ነው። ሽማግሌው ከላይ ሆነው ሣሩን እየመቱ ያስተካክላሉ፣ እኔ ከታች አቀብላለሁ። አንድም ቃል አልተከራከርኩም። የሚሉትን ሁሉ «እሺ» እል ነበር፤ እሳቸውም «ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ?» ብለው ባለቤቴን ጠየቋት።

ቤት ላለው ሰው የምለው ቢኖር ይሄው ነው። ክዳኑ ሳያፈስ በፊት፣ በደረቁ ወራት፣ የሚያውቅ ሰው ጥራ። የማጽዳቱን ዋጋ አትንፈገው። ሰውዬው የሚከፈለው ለሚነቅለው ሳይሆን ለሚተወው ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ጎታዬ ባዶ ሆኖ ነው።

ክሱ አላለቀም፤ ክስ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ሌላም ዓመት ተመላለስን፣ በመጨረሻም ሽማግሌ ገብቶ ርስቷን ለሁለት ከፈለልን። ግን ከዚያ ግንቦት በኋላ በቀጠሮ ቀን ማለዳ ስንነሣ፣ የአጎቴ ሚስት ስንቃችንን በአንድ አገልግል ትቋጥረው ነበር። «ሁለት አገልግል የለኝም» ትላለች፤ ሦስት እንዳላት አውቃለሁ። ስለዚህ መንገድ ላይ አብረን መቀመጥ ግድ ሆነብን። መጀመሪያ ዝም ብለን በላን። ቆይቶ አጎቴ «ጨው በዝቷል» አለ። እኔም «አዎ፣ አያ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቢያንስ ስለ ምግብ እንነጋገር ነበር።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣው ከዚያው ከአጎቴ ቤት ወጥቶ ነው፤ ሳሉም ለቆት ነበር።

ሰው ሲጠይቀኝ ያን ክረምት እንዴት ተሻገርከው ይለኛል። ክዳን ሠሪው ረድተውኛል፤ የነፍስ አባቴም ረድተውኛል። አጎቴም በሬውን እያናገረ በገዛ መንገዱ ረድቶኛል። ያሻገረችኝ ሰው ግን ማን ናት ብትሉኝ፣ የከሳሼ ሚስት ናት።